ያ ከዳተኛ የነጠቀኝ ስንብት

ባለፈው ሰኞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ልትስመኝ ጠጋ አለችና፣ "ውይ! ለካ ሕማማት ገብቷል" ብላ ደንገጥ እያለች ወደኋላ ተመለሰች። ሽቶዋ ብቻ ፊቴ ላይ ቀረ። በመሃላችን በቀረችው ባዶ አየር ውስጥ፣ ምን ልበልሽ፣ የሰበታ ባሕር ዛፍ ሸተተኝ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ተመልሶ መጣ።

ያኔ ሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚማር አንድ ከበሮ መቺ ነበር። እወደው ነበር፤ እሱም ይወደኝ ነበር፤ አንዳችንም ግን ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ሰበታ ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ከወንድ ልጅ ጋር አስፋልት ዳር ከቆምሽ ወሬው ቀድሞሽ ቤት ይገባል። ማንም የማይቆጣን በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሰላምታ። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ሦስቴ፣ በአደባባይ፣ እናቴ እያየች! እሱ ታዲያ ቁጥር የጠፋበት እየመሰለ አራተኛ ይጨምር ነበር። ጉንጩ የጠዋት ብርድና የልብስ ሳሙና ይሸታል። ለዚያች ለአራተኛዋ ስል ሳምንቱን ሙሉ እሑድን እጠብቃለሁ።

ሕማማት ሲገባ ግን መሳሳም ቀረ ማለት ነው። ጌታውን የሸጠው ደቀ መዝሙር ለያዦቹ የሰጣቸው ምልክት መሳም ስለነበር ነው፤ መሪጌታችን በየዓመቱ ይነግሩናል። እሳቸው ስለ ከዳተኞች ሲያወሩ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ወንድማቸውን ለነጋዴ የሸጡትን፣ የወደዳትን ሰው ጠጉር ያስላጨችውን፣ እጁን ታጥቦ የፈረደውን ሁሉ እያነሱ ይተርኩልናል። እኔ ሆዴ አይችል፣ ለሁሉም አዝን ነበር። ለዚያ ስሞ ለሸጠው ግን እምቢ አለኝ።

"በጣቱ ቢጠቁም ምን ነበረበት?" አልኳቸው አንድ ቀን፣ ተናድጄ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

"ልጄ፣ በጣትማ ጠላትም ይጠቁማል። ከዳተኛ የሚባለው'ኮ መጠጋት የተፈቀደለት ነው" አሉኝ።

ከበሮ መቺው ከኋላዬ ሆኖ፣ "እውነቷን ነው፤ ለእኛም አላሰበልን" ሲል ሰማሁት። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

በዚያው ዓመት አባቱ በሥራ ወደ ጅማ ተዛወሩ። ዕቃው በአይሱዙ ቀድሞ ሄደ፤ እሱና እናቱ ደግሞ በጸሎተ ሐሙስ ጠዋት ሊከተሉ ሆነ። እስከ ፋሲካ ቢታገሡ ምን ይሆኑ ነበር? ስንት ቀን ተቃጠልኩ!

ጠዋት ከእናቴ ጋር ለስግደት ስንወጣ የጅማው አውቶቡስ አስፋልቱ ዳር ቆሟል። ሌሊት የዘነበው ዝናብ ከመንገዱ ላይ እንደ ጭስ ይነሳል። ከየቤቱ የጉልባን ስንዴ ሲቀቀል ይሸታል። ሁለቱ እናቶች ከሩቅ እጅ ተነሣሡ። እሱ ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመ። ሳላስበው አንድ እርምጃ ጠጋ ስል እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። ባለሁበት ቀረሁ።

"ለፋሲካ እመጣለሁ። ያኔ ይደርሳል" አለኝ ጫማውን እያየ።

"ምኑ?"

"አራቱም ነዋ።"

ከዚያ በእናቱ ቋንቋ "ነጋቲ" ብሎ ተሰናበተኝና አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

ከእናቴ ጋር ጥቂት እንደሄድን በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ። እናቴ ቆመች። በሕማማት እስከ ማታ ውኃ እንኳ በአፏ የማይዞር፣ ሕግ አጥባቂ ሴት ናት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

"አይመለሱም እንዴ?"

"እመጣለሁ ቢለኝም አይመለሱም፣ እማ።"

ነጠላዬን ከፊቴ ላይ ገለጠችው። "በይ ሂጂ፣ ስመሽው ነይ። እግዜር ስሞ የሸጠውንና ስሞ የሸኘውን መለየት አያቅተውም።"

ሮጥኩ። አንድ እግር ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። አውቶቡሱ ተነስቶ ነበር። በኋላው መስኮት ማጅራቱን አየሁት፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። ስሙን እየጠራሁ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተከተልኩት፤ ሞተሩ ድምፄን ዋጠው።

ለፋሲካ አልመጣም። ከዚያም በኋላ ተገናኝተን አናውቅም። አሁን የሚቆጨኝ መሳሙ እንኳ አይደለም። የትም ይኑር፣ እሱ የሚያውቀኝ ባለሁበት ቆሜ ስቀር ነው። መሮጤን አላየም።