ሃያ ግራም የምትመዝነው ዓሣ

ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ቀድጄዋለሁ። ማን ያምነኛል ብዬ ነበር፤ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ሆኖም የፖስታ ቤታችን መዛኝ እንዲህ ተረስቶ መቅረቱ ከነከነኝ።

ሰውየው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት በአንዲት መስኮት ተቀምጦ ደብዳቤ ሲመዝን ኖሯል። ሁልጊዜ ማለዳ፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ ከሕንፃው ጀርባ ባለው ወንዝ ዓሣ ያጠምዳል። ከመንጠቆው ስንዝር ከፍ አድርጎ ክሩ ላይ የሚያስራት ትንሽ የእርሳስ ብረት የልቡ ጉዳይ ነበረች። ከቀለለች ጅረቱ መንጠቆውን ይዞት ይሄዳል፤ ከከበደች ጭቃ ውስጥ ትቀበራለች። ለዚያ ውሃ ልኳ ሃያ ግራም ነው።

አንድ ማለዳ እርሳሷ ድንጋይ ሥር ገብታ ቀረች። ሌላ አልነበረውም። የቢሮው ቁልፍ ግን በኪሱ ነበርና ገብቶ የሚዛኑን የሃያ ግራም የናስ መመዘኛ ይዞ ተመለሰ። አናቷ ላይ ያለችው ጉጥ ክር እንዲታሰርባት ሆን ተብሎ የተሠራች ትመስል ነበር። «ለአፍታ ነው» ሲል ራሱን አጽናና። ወዲያው አንድ ትልቅ ዓሣ ጎተተ፤ ክሩ ተበጠሰ፤ የመንግሥት ንብረት ከነመንጠቆው ነጎደ።

በቅርጫቱ የቀረችው ጣት የምታክል ዓሣ ብቻ ነበረች። ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ የሚዛን ተቆጣጣሪው ይመጣል፤ መመዘኛ የጎደለበት መዛኝ መስኮቱን ያስረክባል። ሰውየው ዓሣዋን በሁለት ባለ አሥር ግራም መመዘኛዎች መዘናት። ሚዛኑ ቀጥ አለ! በጎደለችው መመዘኛ ቦታ ሣጥኑ ውስጥ አጋደማት።

ወረፋው ላይ የመጀመሪያዋ ሴትዮ ዓይኗን ማመን አቃታት።

«አንተ ወንድሜ፣ የልጄን ደብዳቤ በዓሣ ነው የምትመዝነው?»

«እህቴ፣ ከናሱ ጋር እኩል ናት።»

«እሱስ ይሁን፤ ደብዳቤው ብቻ ሸቶ እንዳይደርስ!»

ተቆጣጣሪው ለካ ከኋላዋ ቆሞ ኖሯል። መነጽሩን አስተካክሎ ዓሣዋን በጅራቷ አንጠለጠላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሃያ ግራም ነው፣ ጋሼ» አለ መዛኙ።

ተቆጣጣሪው በራሱ መመዘኛ ፈተናት፤ ልክ ሆነች። ደንቡን አገላበጠ፤ መመዘኛ ትክክል ይሁን ይላል እንጂ ከምን ይሠራ አይልም።

«ከሰዓት በኋላ ስትደርቅ ትቀላለች» አለ በመጨረሻ።

«ውሃ ጠብ አደርግባታለሁ።»

«ስንት ጠብታ?»

«ሦስት።»

«ጻፍልኝና ልፈርምልህ።»

መዛኙ መስኮቱን አላጣም። ክሩ ላይም ከእርሳስ በቀር አያስርም። ነገር ግን በተፈረመው ወረቀት መሠረት ሕጋዊዋ መመዘኛ ዓሣ ናትና፣ በየማለዳው ልክ ሃያ ግራም የሆነች ትኩስ ዓሣ ካላጠመደ ፖስታ ቤቱ ስለማይከፈት፣ ትልልቆቹን እያዘነ ወደ ውሃው ይለቃቸዋል። ለዚህ ሁሉ ልፋቱ የሚከፈለው ያው የድሮው የመዛኝ ደመወዝ ነው።