ውሃ የፈሰሰበት ብየዳ

ሰውየው ከቴፒ ወደ ሚዛን ከመሳፈሩ በፊት ጎንበስ ብሎ የሚኒባሱን ሆድ ሳያይ አይገባም። ኮቱ ንጹሕ ነው፤ የሱሪው ጉልበት ግን በመንበርከክ ብዛት ሳስቷል። ሾፌሩ ሸምሱ ስሙን ጠይቆት አያውቅም። በቤተ ሙከራ ውስጥ ብረትን በትልቅ መዶሻ በአንድ ምት እየሰበረ፣ ለመስበር የፈጀውን ኃይል የሚለካ ሰው መሆኑን ብቻ ሰምቷል።

ዛሬ ጠዋት የመኪናውን ክብደት የሚሸከመውን፣ ተሰብሮ የተበየደውን ባሌስትራ በጣቱ ዳሰሰው።

"ብየዳው ላይ ውሃ አፍስሳችኋል?" ሲል ሸምሱን ጠየቀው።

"ታዲያስ! ቶሎ እንዲበርድ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ቀስ ብሎ የሚጫነውን ይችል ይሆናል። የሸኮ መንገድ ጉድጓድ ግን ድንገት ነው የሚመታው። እንደ ብርጭቆ ነው የሚሰበረው።"

"እስከ ዛሬ ያደረሰን አላህ ነው፤ የእርስዎ መዶሻ አይደለም!" አለ ሸምሱ። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ።

ሰውየው አልሳቀም። ከደረት ኪሱ መሐረብ አውጥቶ ፈታው። የዛገ የባሌስትራ ስባሪ ነበረበት።

"ይህን ከመሰበሩ በፊት ማንም አልለካውም" አለ።

ከብረቱ ሥር ቀለማቸው የለቀቀ፣ ከቴፒ ወደ ሚዛን የተቆረጡ ሁለት የመኪና ትኬቶች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሸምሱ ትኬቶቹን አየ፤ ሁልጊዜ ብቻውን የሚሳፈረውን ሰው አየ። ሞተሩን አጠፋ።

"ውረዱልኝ" አለ፣ ወደ ተሳፋሪዎቹ ዞሮ።