ሰላሃዲንና የቁማር ቤቱ ስታዲየም

ሰላሃዲን ስታዲየሙን የጠላው ገና ተሠርቶ ሳያልቅ ነው። እስከ ዛሬም በአካል አላየውም፤ ስታዲየሙ እንግሊዝ፣ እሱ ካናዳ፣ ካልጋሪ። ሰው ግን አንድን ነገር ለመጥላት የግድ ደጃፉ ድረስ መሄድ የለበትም። ሰላሃዲን ደግሞ ሲጠላ ከልቡ ነው። ለብ ያለ ሻይ ይጠላል። የሁለት መኪና ቦታ ይዞ የሚያቆም ሹፌር ይጠላል። «ሃው አር ዩ» ብሎ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ሰው ይጠላል። ያንን ስታዲየም የሚጠላው ግን በተለየ ሁኔታ ነው። ስሙን እሱ አይጠራውም፣ እኔም አልጠራላቸውም፤ የአንድ የቁማር ድርጅት ስም ነው።

ሥራው ዳቦ ማከፋፈል ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ፎረስት ሎን ካለው ዳቦ ቤት ቫኑን ጭኖ ይነሳና እስከ ኮክረን ድረስ ላሉ ሱቆችና ካፌዎች ያደርሳል። ቤቱ ስካይቪው ራንች የሚባል ሰፈር ነው። ሚስቱ ሰይዳ አረጋውያን መጦሪያ ስለምትሠራ ቅዳሜና እሁድ ሺፍት አላት፤ ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቤት የሚቀሩት እሱና የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጁ ኢናስ ናቸው። በሳምንቱ ቀናት ሰላሃዲን ወሬ የሚባል ነገር አይወጣውም። ደክሞት ይገባል፣ ይበላል፣ ይሰግዳል፣ ይተኛል። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን እንግሊዝ አገር ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ኳስ ይጀመራል፣ የሰውየውም አፍ ይከፈታል።

የሚደግፈው ብራክስቢ ታውን የሚባል ቡድን ነው። አላወቅነውም ብላችሁ አትፈሩ፣ ማንም አያውቀውም። አራተኛው ዲቪዚዮን ግርጌ ላይ ሲንፏቀቅ የኖረ ቡድን ነው። የካልጋሪ ሐበሻ ሁሉ ዋንጫ የሚበላ ቡድን መርጦ ሲደግፍ ሰላሃዲን ብቻ ይኼን ይዞ ቀረ። መርጦትም አይደለም። በሃያ ሦስት ዓመቱ ከደሴ ወጥቶ ስንቱን አገር አቆራርጦ እንግሊዝ ሲገባ፣ ጥገኝነት ጠያቂ ተብሎ የተሰጠው ክፍል ከቡድኑ አሮጌ ሜዳ፣ ከዊንሞር ሌን አጥር ጋር የተጣበቀ ነበር። የመኖሪያ ወረቀቱ እስኪወጣ መሥራት አይፈቀድለትም። አጥሩ ሥር ሲንከራተት ያየው የሜዳው ጠባቂ ሽማግሌ አንድ ቀን መጥረጊያ ሰጠው። ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ተመልካች የሚቆምበትን ደረጃ ጠረገ። ደመወዙ ሻይና የሚቀጥለው ጨዋታ መግቢያ ነበር። ኋላ ወደ ካናዳ ሲሻገርም ቡድኑን ይዞት መጣ።

ኢናስ ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ሶፋው ላይ ሰምታዋለች። ለእንግዳው ቡድን ደጋፊ ስኳር የማትሰጠዋን ሻይ ሻጭ ታውቃታለች። ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል በአንድ ዣንጥላ ሥር የሚቆሙትን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግን ቃል ያልተነጋገሩትን ሁለት ወንድማማቾች ታውቃቸዋለች። ጨዋታው ሲቀዘቅዝ (ብራክስቢ ሲጫወት አለመቀዝቀዙ ነው የሚገርመው) «አባ፣ ከዛስ ታረቁ?» ትለዋለች። እሱም እንደገና ይጀምርላታል።

ባለፈው ነሐሴ ዊንሞር ሌን ፈረሰ። ቡድኑ ከከተማው ወጥቶ አውራ ጎዳና ዳር፣ በአንድ ትልቅ መጋዘንና በመኪና ማጠቢያ መካከል፣ አዲስ ስታዲየም ገባ። አሥራ ሁለት ሺህ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሦስት ሺህ ሰው። ሻይ ሻጯ የለችም፤ በስልክ ካልከፈሉት የማይሰጥ ማሽን ተተክሏል። ማልያው ደረት ላይ ቁማር፣ ጣሪያው ላይ ቁማር፣ የኳስ አቀባዮቹ ሕፃናት ጀርባ ላይ ሳይቀር ቁማር። ሰላሃዲን የመጀመሪያውን ጨዋታ እያየ በየደቂቃው «አስተግፊሩላህ» ይላል። ኢናስ ለማብረድ ሞከረች።

«አባ፣ ሪላክስ። ኢትስ ጀስት ኤ ስታዲየም።»

«ስታዲየም ነው ይኼ? መጸዳጃ ቤት የመሰለ! እይው እስቲ፣ እይው!»

ከዚያ ብራክስቢ አገባ። ሰላሃዲን ከሶፋው ተነስቶ እጁን ዘረጋ፤ አፉን ሊከፍት ሲል ከድምፅ ማጉያው የቁማር ማሽን ዜማ ተንጫረረ፣ ሳንቲም ሲንሿሿ ተሰማ፣ ትልቁ ስክሪን ላይ ሦስት ቼሪዎች ተሽከረከሩ። ሕዝቡም አጨበጨበ። ሰላሃዲን ሃያ ዓመት የያዘው ነገር ላይ ሰው የተፋበት ያህል ተሰማው።

«ወላሂል ዐዚም» አለ ጣቱን ወደ ቴሌቪዥኑ ቀስሮ። «ወላሂ፣ የዚህን ቡድን ጨዋታ ዳግመኛ አላይም!»

ኢናስ ቀና ብላ አየችው። ወላሂ በእነሱ ቤት ዝም ብሎ የሚጣል ቃል አይደለም። ሰላሃዲን ራሱ ልጅቷን በትንሽ በትልቁ አትማይ እያለ ነው ያሳደጋት። ቃሉ ግን ወጥቷል። ቴሌቪዥኑን አጠፋና ቫኑን ሊያጥብ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ወቅት የሚያስጠላ ነበር። ማየቱን አቆመ እንጂ መጥላቱን አላቆመም። ዜናውን በስልኩ ያነባል፣ እያነበበ ይሳደባል። የግራ ተከላካዩ በውሰት ሄደ፤ ይሳደባል። ስታዲየሙ ሳር ላይ ውሃ ተኛ፤ «አበጀ!» ብሎ ይሳደባል። አፉ አንዴ ስድብ ለምዷልና ከስታዲየሙ አልፎ ወደ በረዶው፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ሰይዳ ወጥ ሄደ። «ዛሬ ደግሞ ምን ቀረህ? ግድግዳውን አልሰደብከውም» አለችው አንድ ቀን ሰይዳ። ዳቦ ቤት አብሮት የሚጭነው ጥላሁን፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ውጤቱን እየነገረ ያበሳጨዋል። «ሰላ፣ ቡድንህ ሁለት ለዜሮ ተሸነፈ። ማሽኑ አልዘመረም ማለት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ኢናስ ክፍሏን ዘግታ ትቀመጣለች። ከበሩ ኋላ የኮምፒውተር ድምፅ ይሰማል። ሰላሃዲን በኮሪደሩ ሲያልፍ ይሰማዋል፤ ልጄስ ጨዋታውን አልተወችውም እያለ ይጽናናል። ሳሎኑ ግን ባዶ ነው። ለብቻው ሻይ ይጠጣል፣ ሻዩም ለብ ይልበታል።

ታኅሣሥ ላይ ኢናስ ለዩኒቨርሲቲ ማመልከት ጀመረች። በመስከረም ሃሊፋክስ፣ የአገሩ ሌላኛው ጫፍ ድረስ፣ ልትሄድ ትችላለች። ሰላሃዲን ቅዳሜዎቹን በጣቱ ቆጠራቸውና ደነገጠ። መሐላ ቢያፈርሱት ከፋራ፣ ማካካሻ ማለት ነው፣ አለው። ይህን ከልጅነቱ ያውቃል፤ ሦስት ቀን መጾም ነው ብሎም ያስባል። በታኅሣሥ ደግሞ የካልጋሪ ጀንበር ወጥታ ሳትሞቅ ስለምትገባ ከዚህ የቀለለ ጾም የለም። ለማንም ሳይናገር ሦስት ቀን ጾመ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቫኑ ውስጥ በቴምር ያፈጥራል፣ በራሱ ብልጠትም ይደሰታል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለማረጋገጥ ያህል ሼኽ ያሕያን ጠጋ አላቸው።

«ሼኻችን፣ አንድ ሰው ወላሂ ብሎ ቢምልና ከፋራውን ሦስት ቀን ቢጾም፣ አለቀለት አይደል?»

«ሰውየው አንተ ነህ?»

«ሰውየው… አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ሥራ አለህ?»

«ዳቦ አከፋፍላለሁ።»

«ዳቦ እያከፋፈልክ ነው የጾምከው?» አሉ ሼኹ ሳቃቸውን ይዘው። «ልጄ፣ መጀመሪያ አሥር ችግረኛ ማብላት ነው፣ ወይ ማልበስ። ጾሙ ይህን ላጣ ሰው ነው። የጾምከውን አላህ ይቀበልህ፤ ከፋራው ግን እንዳለ አለ። ለመሆኑ ምን ብለህ ነው የማልከው?»

«ኳስ ላላይ ብዬ ነው፣ እርስዎን ባያስቀይም።»

«እሱንስ ባታፈርሰው ይሻልህ ነበር» አሉና ትከሻውን መታ አድርገውት ሄዱ።

ሰላሃዲን አፈረ። ሲያፍር ደግሞ ይናደዳል። ለቁማርተኛ ቡድን ብዬ አሥር ሰው ፍለጋ አልንከራተትም አለና ክረምቱን በሙሉ አኩርፎ ከረመ። በመጋቢት ኢናስ ሃሊፋክስ ተቀበለኝ አለች። እልል ተባለ፣ ሰይዳ አለቀሰች፣ እሱም ግንባሯን ስሞ ወደ ስልኩ ተመለሰ። ብራክስቢ ከግርጌው ሁለተኛ ሆኖ ነበር። የመጨረሻው ጨዋታ በሚያዝያ ማለቂያ፣ በዚያው በተረገመው ስታዲየም ነው፤ ካላሸነፈ ይወርዳል። ሰላሃዲን ያቺን አንዲት ቅዳሜ ከልጁ ጋር ካላየ ሌላ እንደማይኖረው ገባው።

ከጨዋታው በፊት ባለው ዓርብ ሥራ እንደጨረሰ ፎረስት ሎን ያለው ኸውላ የሚባል ምግብ ቤት ገባና አሥር ሩዝ በሥጋ በላስቲክ ሳህን አስጠቀለለ። ያሰበው አንድ የችግረኞች መጠለያ አድርሶ ሊገላገል ነበር። በሩ ላይ የቆመው ጎረምሳ ማን እንዳበሰለው፣ ፈቃድ እንዳለው፣ መቼ እንደተበሰለ ጠየቀውና ውስጥ መግባት እንደማይችል ነገረው። ሰላሃዲን አሥራ ሰባተኛ ጎዳና ላይ ሳህኑን ተሸክሞ ቀረ። ለሰው ምግብ እንዲበላ መለመን! የመጀመሪያው ሰው ሥጋ አልበላም አለው። ሁለተኛዋ ምግቡን ትታ ሲጋራ ጠየቀችው። ሦስተኛው ከፍቶ አሸተተና «በርበሬ አለው?» ብሎ መለሰለት። «ያ አላህ፣ ምን ዓይነት አገር ነው!» አለ በአማርኛ ጮክ ብሎ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳህኖች አውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልለው የተቀመጡ ባልና ሚስት ወሰዱለት። ሰውየው ምን ደስታ ገጥሞት እንደሆነ ጠየቀው።

«ኳስ ነው» አለው ሰላሃዲን።

«አሸነፋችሁ?»

«ነገ ነው።»

ቅዳሜ ቀድሞ ተነሳ። እንቁላል ጠበሰ፣ ሻይ አፈላ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል የኢናስን በር አንኳኳ። ዓይኗን እያሻሸች ወጣች።

«ምንድን ነው አባ? ሶምቲንግ ሃፐንድ?»

«ጨዋታ ነዋ! ነይ፣ ሊጀመር ነው።»

«ወላሂ ብለህ አልነበር?»

«ከፋራውን አውጥቻለሁ። አሥር ሰው አብልቼ።» ደረቱን ነፋ አድርጎ ነበር የነገራት።

መጥታ ተቀመጠች። እሱም ትራሱን አስተካክሎ፣ እጁን አፋትጎ፣ «በይ ንገሪኝ፣ ይሄ ዘጠኝ ቁጥሩ እንዴት ነው? ዓመቱን ሙሉ ያየሽው አንቺ ነሽ» አላት።

ኢናስ እንቁላሉን በሹካ አገላበጠች። «አላየሁም» አለች።

«እንዴት አላየሽም? ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍልሽ ውስጥ…»

«ከክፍል ጓደኛዬ ከናሆሚ ጋር ኬሚስትሪ እያጠናን ነበር፣ በቪዲዮ። አባ፣ አይ ዶንት ኢቭን ላይክ ሶከር።»

«እና አሥር ዓመት ምን ታደርጊ ነበር እዚህ?»

«አንተ ታወራ ነበራ» አለች። «ዊኩን ሙሉ ዝም ነህ። ቅዳሜ ግን ላይክ… ትስቃለህ፣ ስለ ሰዎቹ ትነግረኛለህ። እሱን ነበር የምወደው። ዘንድሮ ግን ሁሉም ነገር አስጠሊታ ሆነብህ። እኔም ሰለቸኝ፣ ሶሪ።»

ጨዋታው ተጀምሯል፣ የሰላሃዲን ዓይን ግን አያየውም። ከነሐሴ ወዲህ ለዚህች ልጅ አንድ ደህና ነገር ነግሯት እንደሆን ሊያስታውስ ሞከረ። አንድ እንኳ አልመጣለትም። አሁን ልንገራት፣ አሁኑኑ አንድ ነገር ልበላት ብሎ ወደ እሷ ሲዞር ብራክስቢ አገባ። ቡድኑን ከመውረድ የሚያተርፈው ጎል ነበር። የቁማር ማሽኑ ዜማ ተንጫረረ፣ ሳንቲሙ ተንሿሿ።

«ቱ! እነዚህ ቆሻሾች!» አለ፤ አፉ እሱን ሳይጠይቅ ቀደመው።

ኢናስ አየችው። አልተቆጣችም፣ መቆጣቷ ይሻለው ነበር። «የሥራ ሺፍቴ ሦስት ተኩል ነው፣ ልልበስ» ብላ ተነሳች።

ሰላሃዲን ሶፋው ላይ ቀረ። የገዛ አፉ ቀፈፈው። እዚያ ማዶ ሰዎች እየተቃቀፉ ይዘላሉ፤ እሱ ሪሞቱን አንስቶ አጠፋው። ልጅቷ ጃኬቷን ለብሳ ስትወጣ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«እኔ አደርስሻለሁ።»

«ጨዋታውስ?»

«ግድ የለም።»

መኪናው ውስጥ ስለ በረዶው ሊናገር አሰበ፤ ስድብ ሆኖ መጣበት፣ ዋጠው። ስለ ፊት ለፊቱ ሹፌር ሊናገር አሰበ፤ እሱንም ዋጠው። ስለ ሃሊፋክስ ሊጠይቃት ፈለገ። የብራክስቢ የግራ ተከላካይ በውሰት የትኛው ቡድን እንደሄደ፣ ስንት ጨዋታ እንደተሰለፈ ልቅም አድርጎ ያውቃል። ልጁ ሃሊፋክስ ሄዳ ምን እንደምትማር ግን አያውቅም።

ሁለት ትራፊክ መብራት አለፉ።

«ኢናስ» አላት ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «እዚያ ስትሄጂ ምንድን ነው የምትማሪው?»

ኢናስ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሦስቴ ነግሬሃለሁ፣ አባ» አለችውና ለአራተኛ ጊዜ ነገረችው።