ለእንጨት የራራ ሯጭ

በዳኑብ ወንዝ ዳርቻ የምትኖር ሕዝብ ሆይ፣ ጆሮ ያለህ አቅና፣ የሌለህ ከጎረቤት ተዋስ! የባያ ከተማ ተወላጅ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ፣ ለአገሩ አንድ ወርቅ ያላመጣ፣ በውድድር ዘመኑ ሁሉ አንድ መሰናክል ያልጣለ፣ የሁለተኞች ሁሉ አለቃ ክቡር ቾርባ ቬንዴል፣ የከተማችን ስታዲየም የዕቃ መጋዘን ቁልፍ ያዥ ሆኖ መሾሙን ስናበስር ደስታችን ወሰን የለውም። መለከት ይነፋ! መለከት ከጠፋ የመጋዘኑ በር ይከፈት፤ ማጠፊያው ዘይት ካየ ስለቆየ ከመለከት አያንስም።

ተሿሚው ዛሬ ጉልበቱን እያሻሸ የሚሄድ ሽማግሌ ነው። አለቃ ሁሉ «ጓድ» በሚባልበት በዚያ ዘመን ግን በአገሩ ከእሱ የሚፈጥን እግር ጥቂት ነበር። ያኔ ሩጫ ሥራ ነው አይባልም። ስለዚህ የቤት ዕቃ ፋብሪካው የክለቡን ስፖርተኞች «አናጺ» እያለ ይቀጥራቸው ነበር። አናጺዎቹ ፋብሪካውን የሚያዩት በደመወዝ ቀን ነው፤ ሽቶ ተቀብተው ይመጣሉ፣ ፈርመው ይሄዳሉ። ሁሉም የሚያውቀው ቀልድ ነበር። ቬንዴል ብቻ አልገባውም። አናጺ ተብሎ ተቀጥሯላ! በማግስቱ ጠዋት ዳቦውን የአሳማ ስብ ቀብቶ፣ ሽንኩርቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሠራተኛው ጋር በር ላይ ተገኘ።

ፎርማኑ ግራ ተጋባ። «አንተ፣ ምን ልትሆን መጣህ?»

«ልሠራ ነዋ።»

«ደህና ነህ? ሰው ሞተብህ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቬንዴል ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። የሚሰጡት ቢያጡ የክለቡን የተሰባበሩ መሰናክሎች ሰጡት። ከላይ የሚጋደመውን እንጨት፣ አግዳሚውን፣ እየላገ፣ ጥቁርና ነጭ እየቀባ መዋል ጀመረ።

ሥራውን ወደደው። ጥፋቱም ከዚህ ጀመረ። ጠዋት በእጁ ያለሰለሰውን እንጨት ከሰዓት በኋላ በእግሩ መምታት አልሆንልህ አለው። በመሰናክል ሩጫ አግዳሚ በመጣሉ የሚቀጣ የለም፤ ጎበዝ ሯጭ እየታከከ ያልፋል፣ ቢወድቅም ዞሮ አያይም። ቬንዴል ግን ከእያንዳንዱ አግዳሚ በላይ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚሻገር ሰው፣ ተጠንቅቆ ከፍ ይላል። እሱ አየር ላይ ሲራራ ሌላው መሬት ላይ ይሮጣል።

አሰልጣኙ ጋሼ አምብሩሽ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለው ይጮሁ ነበር። «ግፋው! እንጨት ነው እኮ፣ አክስትህ አይደለችም!»

«በሚቀጥለው እገፋዋለሁ ጋሼ።»

«ጠዋት በመላጊያ ቆዳውን ስትገፍፈው ዝም ብሎሃል። አሁን በተረከዝህ ብትነካው ፖሊስ ሊጠራብህ ነው?»

ቬንዴል ይስቃል። ይመለስና ይሮጣል። አሁንም ከፍ ይላል።

ጋሼ አምብሩሽ በዚያ ዓመት ጡረታ ሊወጡ ነበር። ካሠለጠኗቸው ልጆች የአገሩን ማሊያ ለብሶ ድንበር የተሻገረ አንድም አልነበረም። በበጋው ቡዳፔስት ላይ በሻምፒዮናው አንደኛ የወጣ ለዓለም አቀፍ ውድድር ወደ አቴና ይሄዳል ተባለ። ባለቤታቸው እትዬ ኤቴልካ የዓሣ ሾርባውን ከነፓስታው እየጨለፉለት ቬንዴልን ጠጋ አሉት።

«ስማኝማ። ጋሼህ አቴናን አልፈለገም። አንተ ስትሳፈር ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሞ መሐረብ ማውለብለብ ነው የፈለገው። መሐረቡንም አስተኩሶታል። እኔ ነገርኩህ እንዳትል።»

በዚህ መሀል የፋብሪካው ጓድ ዳይሬክተር አሰቡ። እሳቸው ሲያስቡ ከተማው መጠንቀቅ ነበረበት። «ልጃችን በዋና ከተማው ቤቱ ያለ እንዲመስለው» በማለት ለቡዳፔስቱ ስታዲየም አዲስ አግዳሚዎች በስጦታ እንዲላኩ አዘዙ። ንግግርም አደረጉ፤ ንግግሩ ከእንጨቱ ይረዝም ነበር። እንጨቱን ጸደዩን ሙሉ የላገው ማን ነው? ከቬንዴል በቀር በዚያ ፋብሪካ የሚሠራ አናጺ ስፖርተኛ አልነበረማ! ለጋሼ አምብሩሽ ግን አልነገራቸውም። ሊያስደንቃቸው ነበር።

ባቡሩ ውስጥ ሽማግሌው ፊታቸው በርቶ ነበር። «የዛሬው የሰው መሰናክል ነው። አታውቀው፣ አያውቅህ። እየጠራረግህ እለፍ!»

ቬንዴል በመስኮቱ የሱፍ አበባውን እርሻ አየ። እንጨቱ የራሱ ሥራ መሆኑን መናገር የነበረበት እዚያ ላይ ነበር።

ሲያሟሙቅ ከመሰናክሉ ወደ መሰናክሉ እየሄደ አግዳሚውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ጋሼ አምብሩሽ ይህን ከመቀመጫቸው አዩ። እንጨቱ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ገባቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

ተኩሱ ተሰማ። ቬንዴል ከፊት ወጣ። የቡዳፔስቱ ተማሪ በጎኑ እንጨት እየገነደሰ ይከተላል፤ ቋ! ቋ! እያንዳንዱ ድምፅ ቬንዴልን ጥርሱ ላይ ያመዋል። መጨረሻው መሰናክል ላይ ሲደርሱ እኩል ነበሩ። ያን ጊዜ ከሕዝቡ ጩኸት መሀል አንድ ድምፅ ለየ።

«ግፋው ልጄ!»

ጋሼ አምብሩሽ «ልጄ» ብለውት አያውቁም ነበር። ሰማ። እግሩም ሰማ። አግዳሚው ግን ጫፏ ላይ ጉጥ ያለባት ያቺው ነበረች፤ እንዳትሰነጠቅ ብሎ ግማሽ ቀን የደከመላት። ከፍ አለ። ተማሪው በደረቱ ቀደመው።

አሸናፊውን ትከሻ ላይ ሲያወጡት፣ ቬንዴል በአሸናፊው መስመር ወደ ኋላ እየተመለሰ ስብርባሪ ይለቅም ነበር። ፎቶ አንሺዎቹ ሳቁበት። ጋሼ አምብሩሽ መጥተው ክንዱን ያዙት።

«ተወው። ሌላ ሰው ያነሣዋል።»

«እኔ ነኝ የሠራኋቸው ጋሼ።»

«አይቻለሁ። ቆንጆ ሥራ ነው።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ጋሼ አምብሩሽ በዚያው ዓመት ዳኑብ በረዶ ከመሥራቱ በፊት አረፉ፤ እትዬ ኤቴልካ መሐረቡን እንደታጠፈ ኪሳቸው ውስጥ አደረጉላቸው።

ዛሬ አግዳሚው ፕላስቲክ ነው፤ ልጆቹ ሲጥሉት ይውላሉ፣ የሚያመውም የለም። የቡዳፔስቱ ስታዲየም አሮጌውን እንጨት ሲጥል ለመታሰቢያ ብሎ አንዷን ወደ ባያ ላከ፤ ባለ ጉጧን። ሜዳው ጭር ሲል ቬንዴል ከመጋዘኑ አውጥቶ ይተክላታል። ፊቷ ይቆማል። «ለጋሼ» ይልና እግሩን ያነሣል። ከዚያ እግሩን ይመልስና አቧራዋን በእጅጌው ይጠርግላታል።

አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብልህ ነህ፤ ሰው የደከመበትን ስትሰብር ዞረህ አታይም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። ባያ ከደረስህ ከስታዲየሙ ጀርባ ያለውን በር አንኳኳ። ቬንዴል ወይን ሊቀዳልህ ጀርባውን ሲሰጥህ፣ በጋሼ አምብሩሽ ይዤሃለሁ፣ እግርህን አንሣና ያቺን እንጨት ግፋ…