ዝቅ ብላ የምትታየው ኮከብ

«ሳይነጋ ወደ ሰሜን ሂዱና ከወገን ጦር ጋር ተቀላቀሉ።» የመቶ አለቃችን የመጨረሻ ትእዛዝ ይኸው ነበር። ከበባ ውስጥ ነን። ሬድዮውንም ኮምፓሱንም ያው እሱን የገደለው መድፍ በልቷቸዋል። ቃሬዛ ላይ ሃምሳ አለቃ በቀለ አለ፤ የደነባ ልጅ ነው፣ ሆዱን ተመቷል። ሐኪሙ ያለው ሰሜን ከወገን ጦር ዘንድ ነው። ሳይነጋ ካላደረስነው እንደማይተርፍ ሁላችንም እናውቃለን።

እናንተን ዛሬ ስልካችሁ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ይላችኋል። እኛን የመራን ጌታነህ ነው፤ እንደኔው የጎረቤላ ሰው፣ የሰሜንን ኮከብ ለይቶ የሚያውቅ። በኛ አገር ይህች ኮከብ ሰማይ መሀል አትወጣም። ከተራራ ጫፍ ትንሽ ከፍ ብላ ነው የምትቆመው።

ሲመሽ ተነሳን። በሸለቆው ውስጥ ለውስጥ፣ ኮከቧን ፊት ለፊት እያየን ሄድን። በቀለ እያቃሰተም ቀልዱን አልተወም። «እናንተ የገደል ጭላዳዎች፣ ቀስ በሉ እንጂ!» ይለናል እኛን የጎረቤላዎቹን። እኩለ ሌሊት ላይ ደመና መጥቶ ሰማዩን ሸፈነው። ቆመን ጠበቅን። ደመናው ገለጥ ሲል ከሸንተረሩ በላይ ብርሃን ታየ።

«ያቻትላችሁ» አለ ጌታነህ።

እኔም እሷ ናት አልኩ። በቀለ ግን ከቃሬዛው ቀና አለና «ቀላች እኮ» አለ። «እሳት እንዳይሆን።»

ጌታነህ ሳቀ። «ኧረ ተወኝ! እሳት ሰማይ ላይ ምን ይሠራል?»

ሳቁ የሚገባው የኛ አገር ሰው ነው። ጎረቤላ አፋፍ ላይ ናት። ማታ ደጅ ስንወጣ የቆላው እሳት ሁሉ ከእግራችን ሥር ነው የሚታየን። እዚያ ያደገ ዓይን እሳትን ሽቅብ አይፈልግም።

ሄድን። አንድ ጊዜ ብርሃኑ ጥፍት ብሎ ተመልሶ በራ። «ደመና ነው» አለ ጌታነህ። ሰው ነበር። በጠላት እሳት ፊት ያለፈ ሰው።

ሊነጋጋ ሲል መትረየስ ተከፈተብን። ሰሜን በግራችን ቀርቷል። ቃሬዛ የያዙት መጀመሪያ ወደቁ። የተረፍነው በደረቅ ወንዝ ተስበን ወጣን። ስንቆጠር አሥራ አንድ ሰው ጎደለ፤ በቀለም ከነሱ አንዱ ነው። እኔ እስከ ዛሬም፣ ማታ ተራራ ላይ እሳት ካየሁ መንገዴን አዙሬ ነው የምሄደው፤ በሽምግልናዬ አልዋሻችሁም።

ጦርነቱ ሲያበቃ ከጌታነህ ጋር ደነባ ለበቀለ ልቅሶ ሄድን። እናቱ አልቅሰው ሲበቃቸው ጠየቁን። «ልጆቼ፣ እውነቱን ንገሩኝ። በቀለ መንገድ ጠፍቶት ሲንከራተት ነው የሞተብኝ?»

ጌታነህ አንገቱን ደፋ። «አልጠፋንም እማማ። ቀጥ ብለን ነው የሄድነው።»

«ተመስገን» አሉ። ሲመራ የነበረው እሱ መሆኑን ሲሰሙ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄን አልጣልክብኝምና፣ መንገድህን ያቅናልህ።»

«አሜን» አለ።

ስንመለስ መሸብን። እንደ ልማዱ ይቀድመኛል ብዬ ብጠብቀው ቆመ። ይኸው ስንት ዓመት ጎረቤት ነን፤ ማታ ከሆነ ጌታነህ ከኋላዬ ነው የሚሄደው።