እስከ ቧንቧ ውሃ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን በወጣሁ ቁጥር ጆሮዬ ይደፈናል። ያኔ ያቺ የፋብሪካ ጓደኛዬ አጠገቤ የተቀመጠች ይመስለኛል፤ የብርቱካን ሽታም ይመጣብኛል።

ሁለታችንም የሽመና ማሽን ላይ ነበርን። ማሽኖቹ ሲነሱ ሰው ቢጮህም አይሰማም፤ ለጥጡ ብናኝ ደግሞ አፍና አፍንጫችንን በሻሽ እንሸፍን ነበር። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምናወራው በዓይን ነው። ራሷን ሲያማት፣ በአለቃችን ስትስቅ፣ ሳትነግረኝ አውቅ ነበር። አውቃለሁ ብዬ ነበር እንግዲህ።

አንድ ቀን ከፈረቃ ስወጣ ወንድሟ ደወለልኝ። እናታቸው ቢስቲማ በኩል ባለው መንደራቸው አርፈው ተቀብረዋል። መርዶው የሚነገራት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ አክስቷ ቤት ዘመድ በተሰበሰበበት ነው። «አክስትሽን ትንሽ አሟቸዋል» ብዬ እንዳደርሳት፣ መንገድ ላይ እንዳትሰማ አደራ አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ምንም አልተሰማኝም፤ ደንዝዤ ቀረሁ። ከፋብሪካው በር ስትወጣ ፈገግ አልኩላት።

ሚኒባሱ ውስጥ ከረዳቱ ጋር ተቀላለደች፣ ሳቀች። ብርቱካን እየላጠች አጎረሰችኝ። አላወቀችም ብዬ ልቤ አረፈ። ብርቱካኑን በሙሉ የበላሁት እኔ ብቻ እንደነበርኩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

አክስቷ ቤት ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። አንድ ሸኽ «የአላህ ውሳኔ ነው ልጄ» ብለው ሲጀምሩ ሴቶቹ አለቀሱ። እሷ ግን እጄን ያዘችና «አብሽሪ» አለችኝ። አብሽሪ መባል የነበረባት እሷ ነበረች።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ መቼ እንዳወቀች ጠየቅኋት።

«በሩ ላይ። እኔ አንቺን የማውቅሽ በዓይንሽ ነው፤ አፍሽ ቢስቅ ምን ይረባኛል?»

«ታዲያ መንገዱን ሙሉ ለምን ሳቅሽ?»

«ከባድ አደራ ይዘሽ ነበር። ወላሂ አሳዘንሽኝ።»

እሷ እኔን አይታኛለች። እኔ ግን ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀምጠን፣ እናቷ የሞተችባትን ልጅ አላየሁም።

አሁን ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ ኔትወርኩ ምስል አይችልም ስለምትል ድምጿን ብቻ ነው የምሰማው። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትልና ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት እየሳቀች ሳለ ብርቱካኑ ትዝ አለኝና፣ «ምግብ ትበያለሽ ግን?» አልኳት።

ሳቋ ተቋረጠ።