የቀዘቀዘው ናሙና

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የወንድ ዘር በማይክሮስኮፕ ስትቆጥር የኖረች ሴት ለምዳዋለች ብትሉ ተሳስታችኋል። አልለመደችውም። ክሊኒኩ ውስጥ ስሟን ትተው ሁሉም «ቆጣሪዋ» ይሏታል፤ እሷ ግን ዛሬም የዚያን የላስቲክ ዕቃ ክዳን በከፈተች ቁጥር ፊቷ ይጨማደዳል። ሽታው በረኪና በረኪና ይላል። ጓንት በጓንት ላይ ትደርባለች፣ ሲያልቅ እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ ከዚያ ወዲያ ምሳዋን በማንኪያ ካልሆነ አትነካም። እናቷ ለጎረቤት «ልጄ ደም ነው የምትመረምረው» እያለች ነው የምታወራው። ውሸትም አይደለም፤ የተቀጠረችው ለደም ነበር። ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ሰውዬ አንድ ቀን ጋዋኑን ምስማር ላይ ሰቅሎ በወጣበት ቀረና አለቃዋ «እስከ ወር መጨረሻ ያዢልን» አሏት። ያ ወር አላልቅ ብሎ ይኸው አለ።

ከፈሳሹ ይልቅ ግን የሚያንገሸግሻት የአምጪዎቹ ጉራ ነው። ዕቃውን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርገው የሚያስረክቡ አሉ። «ቁጠሪያቸው እስቲ፣ አንበሶች ናቸው!» ይሏታል። የምን አንበሳ! እሷ የምታያቸው ግማሾቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ፣ ግማሾቹ ጭራቸው ተጣሞ ይንፈራገጣሉ፣ ብዙዎቹ ጭራሽ አይንቀሳቀሱም። አንድ ጊዜ አንዱ ሲደነፋባት ትዕግሥቷ አለቀ።

«ስማኝ ወንድሜ» አለችው። «መቶ ሚሊዮን ትልካለህ፤ አብዛኛውን ገና ከመግባቱ የሴቲቱ ገላ አሲድ ይፈጀዋል። የማኅፀኗ በር በወፍራም ንፍጥ የተዘጋ ነው፤ በወር ውስጥ ለጥቂት ቀን ብቻ ቀጥኖ ያሳልፋል። ያለፈውንም ቢሆን ማኅፀኗ እየተኮማተረ ነው ወደ ላይ የሚስበው። እንቁላሉ ያለበት ቱቦ ጋ የሚደርሱት ቢበዛ ጥቂት መቶ ናቸው፤ እነሱንም ሰውነቷ ካላሰናዳቸው እንቁላል መብሳት አይችሉም። እንቁላሉ ከወጣ ዕድሜው ቢረዝም አንድ ቀን ነው። አንዱ ሲገባ ቅርፊቱ ይዘጋል፣ የቀረው ደጅ ይሞታል። ታዲያ አንበሳህ የቱ ነው? ተሸክማ የምታደርሳቸው እሷ ናት!»

ሰውዬው ደረሰኙን እንኳ ሳይቀበል ወጣ።

ባለፈው ማክሰኞ ጧት ሦስት ሰዎች መጡ፤ ባል፣ ሚስትና የባል እናት። ሚስትየዋ ስድስት ዓመት በትዳር ኖራ አልወለደችም። ሐኪሙ መርምሯታል፤ ቱቦዋ ክፍት ነው፣ ማኅፀኗም ጤነኛ። የቀረው የባልየው ምርመራ ነበር፤ እሱ ደግሞ «እኔ ምን ሆኜ!» ሲል ከርሞ በዚያ ቀን ገና እሺ አለ። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ተናገረች። «የልጄ ደህና መሆኑ በወረቀት ይጻፍልን እንጂ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ያሰናብታታል። ሌላ አግብቶ ይወልዳል።» ሚስትየዋ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ታፍተለትላለች። ባልና ሚስቱ ውጤቱን አብረው እንዲሰሙ ቅጹ ላይ ፈርመዋል።

ቆጣሪዋ ዕቃውን ለባልየው ሰጥታ ናሙና መስጫውን ክፍል አሳየችው። እናትየው ከቦርሳዋ የተጠቀለለ ፎጣ አውጥታ «እጅህን ትጠርግበታለህ» ብላ አስጨበጠችው። በሁለት ደቂቃ ወጣ።

ዕቃውን ስትቀበለው ቀዘቀዛት። ዘንበል ስታደርገው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ይሄኔ ገባት። ከሰው ገላ አሁን የወጣ ይሞቃል፤ ወዲያውም እንደ ሙጫ ይረጋና እስኪቀጥን ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይፈጅበታል። ሁሉን አስበው የመጡት ሰዎች ይህቺን አላወቁም። ማይክሮስኮፑ ላይ ብታየው ይርመሰመሳል፤ በብዛትም በጤናም እንከን አይወጣለትም። በፎጣ ተጠቅልሎ ከቤት የመጣ የሌላ ሰው ዘር! ይህን ብትጽፈው ያቺ አግዳሚው ላይ ያለችው ሴት ሳምንት ሳይሞላ ከቤቷ ትባረራለች።

ባልየውን ብቻውን ጠራችው።

«ይሄ ያንተ አይደለም።»

«ምን ማለትሽ ነው? የማን ሊሆን ነው?»

«ሁለት ደቂቃ ያልሞላው ነገር እንዲህ አይቀዘቅዝም፣ እንዲህም አይቀጥንም። ከወጣ ቆይቷል። የማን ነው?»

ላብ አጠመቀው። በሩ ተበረገደና እናትየው ገባች።

«የታናሽ ወንድሙ ቢሆንስ? አንድ ደም አይደሉም?»

«እማማ፣ ምን ነካዎት?» አለች ቆጣሪዋ።

«ይሄኛው ጎረምሳ ሳለ ጆሮ ደግፍ ይዞት ወደ ታች፣ ወደ ፍሬው ወርዶበት ነበር። አይወልድ ይሆናል ብለው ያኔ ነግረውኛል። ታዲያ የልጄን ስም አደባባይ ላውጣልሽ?»

«እያወቁ? ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«እናት ነኝ!» አለች ደረቷን ነፍታ። ባልየው ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ።

«አስጠላችሁኝ» አለች ቆጣሪዋ። አዲስ ዕቃ አውጥታ ስሙን ራሷ ጻፈችበት። «ወይ የራስህን ታመጣለህ፣ ወይ ናሙና አልሰጠም ብዬ እጽፋለሁ። ፎጣው እዚህ ይቀራል።»

ሩብ ሰዓት ቆይቶ መጣ። ዕቃው ይሞቃል፤ ውስጡ ያለውም ረግቷል። ሠላሳ ደቂቃ ጠብቃ አየች። ምንም። ሌላ ጠብታ ጨምራ አየች። ምንም። በማሽን አሽከርክራ የዘቀጠውን አየች። አንድም የለም። ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተም መታች። አሳዝኖሽ ነበር ወይ ብትሏት አዎ ትላለች፤ በበሽታ ማንም አይፈረድበትም። ለፎጣው ግን ይቅርታ የላትም።

ሐኪሙ ባልና ሚስቱን አስገብቶ ውጤቱን ነገራቸው፤ የመጀመሪያው ናሙና የሌላ ሰው እንደነበረም አልደበቀም። ባልየው ሲጨንቀው «እማዬ ናት፤ እሷ ከድሮም ታውቅ ነበር» ብሎ ሁሉንም እናቱ ላይ ደፈደፈው። ሚስትየዋ ወረቀቱን ይዛ ወጥታ አማቷ ፊት ቆመች።

«በየወሩ ያጠጡኝ የነበረው ያ መራራ የማኅፀን መድኃኒት ለምን ነበር?» አለቻት። «ስተፋው እንደገና ቀድተው የሚግቱኝ። የኔ ማኅፀን ምንም እንዳልሆነ እያወቁ ለምን ነበር?»

እናትየው ግራና ቀኝ አየች። ኮሪደሩ ሰው ሞልቶታል። የዛን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሰው እንዲያይ ነው» አለች።

ቆጣሪዋ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆማ ሰማቻት። እስከ ዛሬ የተጸየፈችው ፈሳሽ ሁሉ በዚያች ሰዓት ንጹሕ ውሃ መሰላት።

ሚስትየዋ አላለቀሰችም። ወረቀቱን አላጠፈችውም፣ ቦርሳዋም አልከተተችውም። «እንግዲያው ሰው ይየዋ!» ብላ ጽሑፉ ወደ ውጭ እንዲታይ በእጇ እንደያዘች ደረጃውን መውረድ ጀመረች። «ልጄ! ኧረ ልጄ፣ ስለ ፈጣሪ ቆይኝ!» እያለች እናትየው ከኋላዋ ተንደረደረች፤ እሷ ግን ዞር ብላም አላየቻት።